ክርክር፦ የቅዳሜና እሑድ ልጆች ሥዕል ይገልብጡ ወይስ አይገልብጡ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ቅዳሜ ዕለት ልጄን ለማስመዝገብ እዚሁ ባሕር ዳር ወዳለ አንድ የማኅበረሰብ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሄጄ ነበር። አሠልጣኙ ወላጆችን ሰብስቦ ስለ ቅዳሜና እሑዱ የልጆች ትምህርት ሲያስረዳ «እኛ ዘንድ ልጅ ከሥዕል ላይ ሥዕል አይገለብጥም፤ መገልበጥ ልጅን ያደነዝዛል» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ጣና ዳር ቆሞ እንዲህ ማለት ድፍረት ነው። ከዘጌ እስከ ደቅ ደሴት በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የምናየው ሥዕል ተማሪ ከመምህሩ፣ መምህሩም ከቀደመው እየገለበጠ የደረሰን ነው። እነዚያ ሁሉ ደንዝዘው ነበር ማለት ነው?

ቀለም ቀቢው፦
እኔም እዚያው ነበርኩ፤ የሰማኸውን ሙሉውን ብትጽፈው መልካም ነበር። ሰውዬው ስለ ደሴቶቹ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የተናገረው መምህር ሰሌዳ ላይ ጎጆ ቤት፣ ከጀርባው ሁለት ተራራ፣ በተራሮቹ መካከል ፀሐይ ሥሎ «ይህን ሣሉ» ስለሚልበት ክፍል ነው። ሁላችንም አልፈንበታል። ለመሆኑ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ እነዚያን ሁለት ሹል ተራሮች የት አይቷቸው ነው? ዘንባባ በየመንገዱ ተደርድሮ፣ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆሞ፣ የደንገል ታንኳ ሐይቁ ላይ እያየ፣ ወረቀት ስትሰጠው ሁለት ተራራ ይሥልልሃል።

የሽምብጥ ልጅ፦
«ያደነዝዛል» ብሏል ወይስ አላለም?

ቀለም ቀቢው፦
ብሏል።

የሽምብጥ ልጅ፦
በቃ።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆች፣ ሳትጣሉ አድምጡኝ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እመቤታችን እጇን አነባብራ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል በአገራችን ተስፋፋ። መነሻው ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው፤ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ቅጂውን ይዘው መጡ፣ የእኛ ሠዓሊዎችም ገለበጡት። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 ሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌልም እንዲሁ ነው፤ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች በውስጡ ያሉትን ሥዕሎች ወደ ብራና ገልብጠዋቸዋል። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ዓይኑ ሰፍቷል፣ ጥላው ጠፍቷል፣ ቀለሙ ሌላ ሆኗል። ማንም አይቶ የሮም ነው አይልም። ደቅ ደሴት ባለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ሠዓሊው የወረሰውን ንድፍ ይዞ በዘመኑ በሕይወት ያለችውን ንግሥት አስገባበት። ይህን የሚያደርግ እጅ የደነዘዘ አይደለም።

ዓባይ ማዶ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ በዚህ አያያዝ ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ ሠዓሊ ሊሆን ነው። እርስዎ ያነሷቸው ሠዓሊዎች ዕድሜ ልካቸውን በሙያው ያደሩ አዋቂዎች ናቸው። ማዕከሉ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን እንኳ በትክክለኛው እግር ያላደረገ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። እሱን ከጎንደር ሠዓሊ ጋር ምን አገናኘው?

ጡረተኛ መምህር፦
የስድስት ዓመቱን ተወው፣ እንደፈለገ ይጫጭር። እኔ የምለው ስለ ዘጠኝና ስለ ዐሥር ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ልጅ የሣለው ነገር እውነተኛውን እንዲመስልለት ይፈልጋል፤ አልመስል ሲለው ወረቀቱን ይቀድና ሥዕልን እስከ ወዲያኛው ይተዋል። እጅ እንዴት እንደሚሣል፣ ፈረስ ከየት እንደሚጀመር የሚያሳየው ያስፈልገዋል። «ነፃ ሁን» ብትለው አይረዳውም።

የሁለት ልጆች እናት፦
የትልቁን ልጄን ልንገራችሁ። ዘንድሮ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወስደናቸው ነበር። አስጎብኚው ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ግን በጎን ተዙረው በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አሳያቸው። ልጁ ቤት እንደገባ ጦር የያዙትን ወታደሮች ሲገለብጥ አመሸ። በሳምንቱ ደብተሩን ስገልጥ፣ ክፍል ውስጥ እርሳሱን የሚቀማው ልጅ በአንድ ዓይን ተሥሏል። እሱ ራሱ በሁለት። ታናሽ እህቱን በሁለት ጀምሯት ነበር፤ አንደኛውን በላጲስ አጥፍቶታል፣ ምልክቱ ይታያል። ይህ ልጅ ደንዝዟል የሚል ካለ ይምጣና ይይልኝ።

ዓባይ ማዶ፦
እህቴ፣ ልጅሽ የክፍል ጓደኛውን ከሰቃዮቹ ወገን መድቦት እናንተ እየሳቃችሁ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
እርሳሱን ይመልስለትና ሁለተኛውን ዓይን ይጨምርለታል።

ቀለም ቀቢው፦
ይኸው! እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። ልጁ አልገለበጠም፤ አንድ ነገር አይቶ፣ ገብቶት፣ ለራሱ ጉዳይ አዋለው። አሠልጣኙም የሚፈልገው ይህንን ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ውጤቱ ሲያምርላችሁ «ለራሱ ጉዳይ አዋለው»፣ ሳያምርላችሁ «ደነዘዘ»። እናቱ እኮ ወታደሮቹን ሲገለብጥ አመሸ ብላ ጽፋለች። ያን ምሽት አሠልጣኙ ቢያገኘው እርሳሱን ይቀማው ነበር። ያኔ ስንት ዓይን እንደሚደርሰው አላውቅም።

ቀለም ቀቢው፦
ፍራንዝ ቺዜክ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1897 ቪየና ውስጥ የልጆች የሥዕል ክፍል ሲከፍት መርሑ ይኸው ነበር፤ ልጅ የራሱን ይሣል፣ አዋቂ እጁን ይሰብስብ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ላሉ የልጆች የሥዕል ክፍሎች አንዱ መነሻ ነው። አሠልጣኙ ከኪሱ አውጥቶ የተናገረው አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ጣናን ዘልሎ ቪየና!

ጡረተኛ መምህር፦
ቺዜክን አውቀዋለሁ። የተማሪዎቹ ሥዕሎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ የሚል ትችትም ቀርቦበታል። ከመምህሩ ባይገለብጡም መምህሩ የሚያደንቀውን እያዩ ይሥላሉ። ልጅ ሞኝ አይደለም።

ዘጌ ቡና፦
ዘጌ ስለተነሣ ልግባ። ልጆቻችሁን አምጡ፣ ደስ ይለናል፤ ግን እጃቸውን ያዙልን። ኡራ ያለው ሥዕል አብዛኛው በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ጣት አይወድም። የከተማ ወላጅ ደግሞ ልጁን ትቶ ስልኩን ያነሣል። ማዕከሉ ጉብኝት ካሰበ ደሴት ላይ ያለውን ክብራን ገብርኤል ገዳምን ከዝርዝሩ ያውጣው፤ ሴት አይገባበትም፣ ሴቶቹ ልጆች ጀልባ ላይ ተቀምጠው ሊያለቅሱ ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ስልክ የሚያነሣው የከተማ ወላጅ ብቻ ነው? ባለፈው እዚያ ስንሄድ አስጎብኚው ራሱ አልነበረም እንዴ በስልክ እያወራ ያስጎበኘን?

ዘጌ ቡና፦
አስጎብኚ ሁሉ የዘጌ ሰው አይደለም። ከባሕር ዳር ይዛችሁት የመጣችሁት ይሆናል።

የጊዮን ክፍለ ከተማ ወላጅ፦
ወንድሞቼ፣ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሆነ። የእኔም ልጅ ይመዘገባል። ቅዳሜ ጠዋት ቁርኣን ቤት ነው፤ ከሰዓት ማዕከሉ ይሄዳል። እሱ ከምን ይገልብጥ? የቅዱስ ሥዕል ፊቱ ቢቀመጥለት እኔ አልስማማም፤ ልጅ ከሥዕል አይገለብጥም የተባለው ለእኔ አንድ ጭቅጭቅ ቀንሶልኛል። ነገር ግን «ያደነዝዛል» የሚለው ለእኔም አይዋጥልኝም። ልጄ ፊደል የለየው ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን እየገለበጠ ነው። አሁን የሚጽፈውን ዐረብኛ ብታዩት ከእኔ ይበልጣል።

ጡረተኛ መምህር፦
ጥሩ ብለዋል። የቤተ ክርስቲያኑም ጸሐፊ እንዲሁ ነው፤ ቁም ጽሕፈትን፣ የብራና መጽሐፍ የእጅ ጽሕፈትን፣ የሚማረው የመምህሩን ፊደል አስመስሎ እየጻፈ ነው። ለልጆቹ ሁሉ የሚስማማ ከተፈለገ የመሶብ ስፌት አለ፣ የጥበብ ጥለት አለ፣ ሐይቁ ዳር የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት አለ። ጥለት ገልብጦ የጨረሰ ልጅ መቁጠርም መለካትም ይማራል።

ቀለም ቀቢው፦
ይህንን እቀበላለሁ። ግን የመሶብ ጥለት ገልብጡ ብላችሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብታስቀምጧቸው በሦስተኛው ሳምንት ማን ይመጣል? ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ነው የሚውሉት። ቅዳሜ እንኳ ይተንፍሱ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ለመተንፈስ ከሆነ ሐይቁ ዳር በነፃ ይተነፍሳሉ። እኔ የምከፍለው እንዲማር ነው።

ቀለም ቀቢው፦
መማር ማለት ለአንተ የሌላ ሰው እጅ መሆን ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
የአንተ እጅ ከማን እንደተማረ ብትነግረን? ከማንም አልገለበጥክም?

የሁለት ልጆች እናት፦
ይህን ሁሉ ስትጽፉ የእሑዱ ክፍል ከጠዋቱ 2፡30 መሆኑን ያነሣ የለም። ከቅዳሴ ጋር ይጋጫል። ወደ ከሰዓት ይዛወር ብለን ፊርማ እናሰባስብ።

ዓባይ ማዶ፦
ከሰዓት ሁለቱም ልጆቼ ማጠናከሪያ ትምህርት አላቸው። ጠዋቱ ይቆይ። ቅዳሴ የሚሄድ ቅዳሜውን ይምረጥ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቅዳሜ ሞልቷል ተብለናል። እናንተ ማጠናከሪያ ስላላችሁ የእኛ ልጆች ቅዳሴ ይቅሩ?

ዓባይ ማዶ፦
ይቅሩ አላልኩም፣ ይምረጡ ነው ያልኩት።

ቀለም ቀቢው፦
የሽምብጥ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ይህን ሁሉ ከተናደድክ ልጅህን አስመዘገብከው ወይስ ይዘኸው ተመለስክ?

የሽምብጥ ልጅ፦
አስመዝግቤዋለሁ። ከፍያለሁም።

ቀለም ቀቢው፦
ታዲያ ምን ቀረህ?

የሽምብጥ ልጅ፦
የሰጡኝ ደረሰኝ ነው፤ ዝም በል የሚል ቃል የለበትም። ለወላጆች ስብሰባ ደግሞ ልጁ የገለበጠውን ይዤ እመጣለሁ፣ አንተም አጨብጫቢዎችህን ይዘህ ና።