የኦፕን ሶርስ ኮንፈረንስ ኪኖቶችን ያያችሁ፣ የቱ ነው ልባችሁ ውስጥ የቀረው?

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ቅዳሜ ለት አምስት ሆነን ፒያሳ አንድ ጓደኛችን ቢሮ ተሰብስበን የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ኮንፈረንስ ኪኖቶች፣ ማለት ዋና ዋናዎቹን የመድረክ ንግግሮች፣ ስናይ ዋልን። ቪዲዮዎቹን በሌሊት ፓኬጅ ቀድሜ አውርጃቸው ነበር፣ ምክንያቱም ባለፈው ኦንላይን እናያለን ብለን ሰውየው ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ቀጥ እያለ አንጀታችንን አሳርሮታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አብዛኞቹ አልያዙኝም። የትልቅ ካምፓኒ ሰው ይወጣል፣ ስላይድ ላይ ቁጥር ይደረድራል፣ ኮሚዩኒቲ ኮሚዩኒቲ ይላል፣ ይወርዳል። የሊኑክስ ፈጣሪው የሊኑስ ቶርቫልድስ ግን ሌላ ነው፣ በፈረንጆቹ 2024 ኤፕሪል ሲያትል ኦፕን ሶርስ ሰሚት ላይ ያለው። ስላይድ የለ ምን የለ፣ ከጠያቂው ከዲርክ ሆንዴል ጋር ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ በቃ። የኤክስዚ ጉዳይ (ብዙ ሊኑክስ ላይ ያለች ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሚስጥራዊ መግቢያ በር ተደብቆ የተገኘበት) ከታወቀ ገና ሦስት ሳምንት እንኳን አልሞላውም ነበር፣ እና እሱን አንስተው ስለ መተማመን ሲያወሩ እኛም ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ዝም ብለን አዳመጥን።

ጥያቄዬ፣ ለካምፓስ ጁኒየሮች አንድ ቀን እንዲህ ልናሳያቸው አስበናል፣ የቱን ብናሳያቸው ይሻላል? ነው ወይስ ኪኖት በጠቅላላው ጊዜ ማቃጠል ነው ትላላችሁ?

ማሂ_ሰርቨር፦
ወንድሜ እሱን አሳያቸው፣ ግን ከዚያ በፊት ኤክስዚ ምን እንደነበር ቁጭ ብለህ አስረዳቸው፣ አለበለዚያ ሁለት ሽማግሌ ሲጫወቱ ነው የሚመስላቸው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባለው ኢንጂነር ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ላይ የፖስትግሬስ ዳታቤዝን ፍጥነት እየለካ ነበር፣ ከዛ ኤስኤስኤች ሎግኢን (ከርቀት ሰርቨር ውስጥ መግባት) ሲፒዩ ሲበላ አየ፣ ድሮ 0.3 ሰከንድ አካባቢ የሚፈጅበት 0.8 ሆነ። ግማሽ ሰከንድ ናት እንግዲህ! እኔ ብሆን ኔትወርኩ ነው ብዬ አልፋት ነበር፣ ሁላችንም የምናልፋት ይመስለኛል። እሱ ግን ሥሩ ድረስ ወርዶ የኤክስዚ ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሚስጥራዊ በር ተከፍቶ አገኘ፣ ማርች 29 ለዓለም አሳወቀ።

እኔን የሚያመኝ ደሞ የበሩ ነገር ብቻ አይደለም። በሩን የከፈተው፣ ጂያ ታን በሚል ስም የገባው ሰው ከ2021 ጀምሮ ኮድ እየላከ፣ እያገዘ፣ ቀስ ብሎ ነው እምነት ያገኘው። ሜንቴነሩ፣ ማለት ፕሮጀክቱን የሚጠብቀው፣ ለብቻው የሚሠራ፣ የደከመው፣ የአእምሮ ጤናው እንደተቸገረ በግልጽ የጻፈ ሰው ነበር፣ እና ሌሎች ስሞች እየመጡ ለምን ትዘገያለህ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ እያሉ ይወተውቱት ነበር። ያንን የኢሜይል ምልልስ አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ካዛንቺስ_27፦
እኔ ደሞ ኪኖቱን ተዉት ባይ ነኝ። መድረኩን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ስፖንሰሩ ነው፣ ስፖንሰር ደሞ ስለ ምርቱ ነው የሚያወራው፣ ይሄ አይገርምም። ፎስደም የሚባለውን የኦፕን ሶርስ ጉባኤ እዩ፣ በየዓመቱ ብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የሚካሄደው፣ ምዝገባ የለው መግቢያ የለው፣ ቪዲዮውም በነጻ ይለቀቃል። ትንንሾቹ ክፍሎች ውስጥ አንዱ ስለ ፎንት፣ አንዱ ስለ ዳታቤዝ፣ ሠራተኛው ራሱ ሥራውን ያሳይሃል። ጁኒየር ከዛ ነው የሚማረው።

ሰላም_ከአምባሳደር፦
ማሂ ያልሽው የሜንቴነር ድካም ነገር እኔ ላይ ደርሷል። አንድ የፍለጋ ሶፍትዌር ላይ ፑል ሪኩዌስት (ይሄን ኮዴን አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ልኬ ነበር፣ ፀሐይ ተብሎ የተጻፈውን ጸሀይ ብለህ ብትፈልገው አያገኝልህም፣ ስለዚህ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ እንደ አንድ ይቆጠሩ ብዬ አንድ ሠንጠረዥ ጨመርኩ። አራት ወር ዝም! ተናድጄ እነዚህ ፈረንጆች የኛ ቋንቋ ምናቸው ነው ብዬ ትቼው ነበር። በመጨረሻ ሜንቴነሩ ይቅርታ ጠይቆ መለሰ፣ ብቻውን ነው፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የሚሠራው፣ እና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ ይሄ በዚህ ፊደል ለሚጽፉ ቋንቋዎች ሁሉ ይሠራል?

ደነገጥኩ። ትግርኛ ላይ ሀ እና ሐ ድምፃቸው ለየቅል ነው፣ አ እና ዐም እንደዛው። የኔ ኮድ ቢገባ የትግርኛ ተጠቃሚ ሁለት የተለያየ ቃል ተቀላቅሎ ይመጣለት ነበር። እኔ አማርኛ ተናጋሪዋ ያላሰብኩትን ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰው አሰበው። አማርኛ ሲመረጥ ብቻ እንዲሠራ አድርጌ ቴስት ጻፍኩለት፣ ገባ።

ስለዚህ ካዛንቺስ፣ ኪኖት ሁሉ ከንቱ አይደለም። እኔ የሊኑስን ካየሁ በኋላ ነው ያ አራት ወር ምን እንደነበር የገባኝ።

ጋሽ_ቸርችል፦
ልጆች፣ ሰላም ያልሽው ደስ አሰኝቶኛል። እኛ በጀመርንበት ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፣ እዚህ የጻፍከው ደብዳቤ እዚያ ቢሮ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ስንት ደብዳቤ እንደገና ተተይቧል መሰላችሁ። በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) 3.0 ላይ ፊደላችን ገባ፣ ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምትጽፉት በዚያ ነው። ይህን ያደረጉ ሰዎች ፊደል በፊደል የተከራከሩ ናቸው። ለጁኒየሮቹ ይህንንም ንገሯቸው።

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ያሉትን እናስገባለን፣ እንዲያውም ጊዜ ካለዎት እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢነግሯቸው በጣም ደስ ይለናል። ሰላም፣ አንቺም ያንን ፑል ሪኩዌስት ከነኮሜንቱ ፕሮጀክተር ላይ ከፍተሽ ታሳያቸዋለሽ? መጀመሪያ ማሂ ስለ ግማሽ ሰከንዷ ታስረዳ፣ ቀጥሎ የሊኑስን እናያለን፣ ከሰዓት የካዛንቺስን የፎስደም ቪዲዮዎች። እነሱን ዛሬ ሌሊት ማውረድ እጀምራለሁ፣ የትኞቹን እንደሆነ ብቻ ላክልኝ።

ሰላም_ከአምባሳደር፦
እመጣለሁ። ላፕቶፕ ያላቸው ይዘው ይምጡ በላቸው፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚችሉ ካሉ ደሞ በጣም ነው የምፈልጋቸው፣ ያልተዘጉ ሁለት ኢሹዎች (መፍትሔ የሚጠብቁ ችግሮች) አሉኝ።