«የተገጨ መኪና ሬሳ ነው»፦ በቀይዋ ጂቲቪ የተነሳ ክርክር

አዌቱ፦ ትናንት እዚሁ ስለ ቀይዋ አልፋ ሮሜዮ ጂቲቪ 2000 (የቆየች የጣሊያን መኪና) ሽያጭ ሲነሳ፣ ሂርማታ «የተገጨ መኪና ሬሳ ነው፤ ሬሳ ቀብተህ ቅርስ ነው አትበለኝ» ብሎ ጽፎ ወጣ። እስካሁን አልበረደልኝም። ባለቤቱ ምን ደበቀ? በግራ ፊቷ ተገጭታ ነበር፣ የግራ ፓራፋንጎዋ (የፊት ጎማዋን የሚሸፍነው ላሜራ) እና ራዲያተሩን የሚይዘው ላሜራ ተቀይሯል፣ ኮፈኗ ተቃንቷል ብሎ በግልጽ ተናግሮ ነው ለገበያ ያወጣት። እውነቱን የተናገረው ሰው መኪና ሬሳ ተባለ፤ የደበቀው ሰው መኪና «ምንም ያልነካት» ተብላ ትሸጣለች። ሂርማታ፣ ሬሳ ያልክበትን ምክንያት በላሜራና በሚሊ ሜትር አስረዳኝ።

ሂርማታ፦ ቃሌን አላጥፍም። ጂቲቪ እንደ ፒካፕ ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲዋ። ፒካፕ ቢገጭ ፓራፋንጎው ተፈቶ ይቀየራል፣ ሻንሲው ደህና ከሆነ ነገሩ አለቀ። እዚህ ግን ክብደቱን ሁሉ የተሸከሙት ሞተሩን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ፊት የሚሄዱት የላሜራ ወራጆች ናቸው። መሪዋ በግራ ስለሆነ የመሪው ሳጥን የታሰረው በግራው ወራጅ ላይ ነው። ግራ ፊቷን ተመታች ማለት መሪው የታሰረበት ቦታ ተመታ ማለት ነው። አንዴ የታጠፈ ላሜራ ተጎትቶ ቢቃና እንኳ እጥፋቱ ላይ ይደነድናል፤ የደነደነው ደግሞ ከጊዜ በኋላ እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ፣ ጉልበቷ ከ130 ፈረስ የማያንስ፣ በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሮጥ መኪና ናት። ቅርስ የሚባለው ሰው ነድቶት ቤቱ ሲመለስ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ኮሜዲያኑን ሮዋን አትኪንሰንን የማያውቅ የለም። ማክላረን ኤፍ 1 ነበረው፤ ያ ሞዴል በጠቅላላው የተመረተው 106 ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አጋጫት። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር፤ ከዛፍ ጋር ተጋጭታ ተቃጠለች፤ ኢንሹራንሱ ለጥገና 910 ሺህ ፓውንድ ገደማ ከፈለ። በ2015 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠች። ሂርማታ፣ ለሬሳ ማን 8 ሚሊዮን ይከፍላል?

ሂርማታ፦ ማን ጠገናት? ራሱ የሠራት ፋብሪካ፤ በራሱ መለኪያ ጠረጴዛ (ቦዲው ታስሮ የሚለካበትና የሚቃናበት) ላይ፣ በራሱ ክፍሎች፣ እያንዳንዱን ሥራ በወረቀት መዝግቦ። ይህቺ ጂቲቪ የጥገና ወረቀት አላት? ማን በየደ? በምን በየደ? ማክላረኗ የተሸጠችው ተገጭታ ሳይሆን በሰነድ ስለተነሳች ነው።

አዌቱ፦ ተመልከቱት እንግዲህ! ትናንት «የተገጨ» ሬሳ ነበር። ዛሬ «ወረቀት የሌለው» ሬሳ ሆነ። የትኛው ነው?

ሂርማታ፦ ሁለቱም። ያለ ወረቀት የተነሳ ግጭት ሬሳ ነው።

ባቲላሜራ፦ ልጄ ሂርማታ፣ ስለ ወራጁ ያልከው ልክ ነው። ሬሳ ያልከው ግን ሙያችንን ይነካል፤ ስለዚህ ዝም አልልም። የጎበጠና የታጠፈ አንድ አይደሉም። በሰፊ ቅስት የጎበጠ ላሜራ ይጎተታል፣ ይቃናል፣ ጥንካሬውም አይጎዳም። ስለታም እጥፋት ያለበት ግን አይጎተትም፤ ከመገጣጠሚያው ተነቅሎ አዲስ ይገባል። ደካማ ሠራተኛ እጥፋቱን በመዶሻ ያወጣዋል፣ በላዩ ስቱኮ (ጉድጓድ የሚሞላ ሊጥ) ይለብጣል፤ አንተ የፈራኸው ስንጥቅ የሚመጣው ያኔ ነው።

ብየዳውም እንደዚሁ። በኦክሲጅን የተበየደ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ላሜራው ይጣመማል፣ ከበስተኋላ ያለው ፀረ ዝገት ይቃጠላል፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ወራጅ ከውስጥ ይበሰብሳል። ትክክለኛው የሲኦቱ ብየዳ (በጋዝና በሽቦ የሚሠራው) ነው፤ 0.6 ወይም 0.8 ሽቦ፣ ነጥብ በነጥብ፣ በየ25 ሚሊ ሜትሩ፣ አንዱ እስኪቀዘቅዝ ወደ ሌላው ጫፍ እየዘለሉ። የፋብሪካው የነጥብ ብየዳ በነበረበት ቦታ አዲሱን ላሜራ በ6 ወይም በ8 ሚሊ ሜትር ትበሳውና ቀዳዳውን በብየዳ ትሞላለህ። ሁለቱ ላሜራዎች ከመግጠማቸው በፊት በመካከላቸው ዚንክ ያለው ፕራይመር ይቀባል። ይህ ተረስቶ ከሆነ ያ መጋጠሚያ ከአንድ ሁለት ክረምት አያልፍም። ከዚያ መጋጠሚያውን የሚደፍን ማስቲሽ፣ በመጨረሻም በወራጁ ባዶ ውስጥ የሚረጭ ሰም።

ስቱኮ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ላሜራው ገና አልቀናም ማለት ነው። ማድረቂያው 2 በመቶ ይበቃዋል፤ ለ1 ኪሎ 20 ግራም። ሠራተኛው ቸኩሎ ሲያበዛው ቀለሙ ላይ ቢጫ ጥላ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ከሆነ ያ መኪና ሬሳ አይደለም፤ ቆስሎ የዳነ ነው።

ሂርማታ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን «ተሠርቶ ከሆነ» ነው ያሉት። ገዢው ይሄንን በምን ይወቅ? ሊብሬ ላይ ግጭት አይጻፍም። ለቦሎ ሲመረመር ፍሬኑና መብራቱ ይታያል እንጂ ወራጁን ተንበርክኮ የሚለካ የለም።

መንደራ፦ የሚታወቅበት መንገድ አለ፤ እንዲያውም ይህቺ መኪና ራሷ ትናገራለች። የፊት እግሯ ላይኛው ክንድ ሁለት ነው፤ አንዱ ተሻጋሪ ክንድ፣ ሌላው በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ። የካስተሩ አንግል፣ ማለትም የፊት እግሯ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለበት መጠን፣ የሚስተካከለው በዚህ ዘንግ ነው። የግራው ወራጅ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሳይቃና ከቀረ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራው ሰው ዘንጉን እያሽከረከረ ቁጥሩን ያስተካክላል፤ ማሽኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል፣ መኪናዋ ግን ውስጧ ጠማማ ናት። ስለዚህ የአላይመንት ወረቀት ብቻ አታምጡልኝ። ዘንጎቹ ላይ ከማሰሪያው ነት ውጭ የቀረውን ጥርስ ግራና ቀኝ ቁጠሩ። አንድ ሁለት ጥርስ ቢለያይ ምንም አይደለም። ስድስት ሰባት ከተለያየ ቦዲው አልቀናም።

ሌላው፣ በፊትና በኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 2350 ሚሊ ሜትር ነው። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ግራውንም ቀኙንም ለኩ። ከዚያ ከታች ገብታችሁ የፊቱን እግር መያዣ ብሎን ከኋላው ተቃራኒ መያዣ ጋር በሰያፍ ለኩ፤ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዚያ ዘመን ሥራ አይገርምም። 5 ካለፈ መለኪያ ጠረጴዛ ላይ ሳትወጣ ዋጋ አይወራም።

አጂፕ፦ በቀለም ውፍረት መለኪያ ማየት አይቀልም? ከ80 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) የፋብሪካ ቀለም፣ 300 ድጋሚ የተቀባ፣ ከ500 በላይ ስቱኮ።

መንደራ፦ ወንድሜ፣ ያ ለአዲስ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች አልፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትቀባ አትቀርም፤ ሁሉ ቦታ 300 ብታገኝ ተገጨች ማለት አይደለም። መለኪያው የሚጠቅመው ድንገት የሚዘለውን ቦታ ለማግኘት ነው። በሩ 280፣ ፓራፋንጎው 290፣ የመብራቱ ዙሪያ ግን 1400 ካለ ስቱኮው እዚያ ተቀብሯል። የበሮችን ክፍተት አይቶ መፍረድም ስህተት ነው፤ ጣሊያኖቹ በእጅ ነበር የሚገጥሙት፣ ከፋብሪካ ሲወጣም ግራና ቀኙ እኩል ያልነበረ ብዙ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ሬሳ የሚለውን ቃል አልተውኩትም። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ሞንተሬይ ጨረታ ላይ የ1954 ፌራሪ 500 ሞንዲያል ተሸጠች። ተቃጥላ የተጨማደደች፣ ጎማ የሌላት፣ ከሩቅ የቆርቆሮ ክምር የምትመስል። 1.875 ሚሊዮን ዶላር። ሬሳ ከተባለ ሬሳው እሱ ነው፤ ተገዛ።

ሂርማታ፦ የተገዛው ላሜራው ሳይሆን ቁጥሩ ነው። የሻንሲ ቁጥርና የውድድር ታሪክ። እጅግ ጥቂት ከተመረተ የውድድር ፌራሪ ጋር በአሥር ሺዎች የተመረተ ጂቲቪ አታወዳድር።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሺ፣ ወደ አልፋ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣችው ጂቲኤ፣ የውጭ ቆዳዋ አሉሚኒየም የሆነው፣ ለውድድር ነው የተሠራችው። በየውድድሩ ትገጫለች፣ ፓራፋንጎ ይቀየርላታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትሰለፋለች። ዛሬ ከጂቲቪ ብዙ እጥፍ ትወደዳለች። ግጭት ዋጋ የሚገድል ቢሆን የመጀመሪያዋ ሟች እሷ ነበረች።

ሂርማታ፦ ለውድድር መኪና ጠባሳው ሥራዋ ነው። ለመንገድ መኪና ግን አደጋ ነው።

አዌቱ፦ ይኸው! ጠባሳ አለ! ሬሳ ጠባሳ የለውም፤ ጠባሳ ያለው የዳነ ነው።

ሂርማታ፦ ቃል አትልቀም፤ ነገሩን ተከራከር።

አዌቱ፦ ቃሉን ያመጣኸው አንተ ነህ። ባለቤቱ በዚያ ቃል ገዢ ሸሽቶታል።

ቆጪ፦ ወንድሞቼ፣ ስለ ገንዘቡ ማንም አልተናገረም። በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2020 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥል ነበር። ስለዚህ «ይህቺ ተገጭታለች፣ ያልተገጨች ከውጭ አመጣለሁ» የሚል ሰው የሚያመጣበት በር የለውም። አገር ውስጥ ያለው ነው ያለው። ሂርማታ ሬሳ ያለው ሁሉ ለቁራሌው ከተሰጠ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይቀራል? ግን ደግሞ አዌቱ፣ ግጭቱ ዋጋ አይነካም ማለትም አይደለም። ተናግሮ የሸጠ ይቀንሳል፤ ገዢውም ነገ ሲሸጥ መናገር አለበት። ቅናሹ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

አዌቱ፦ በዚህ እስማማለሁ እህቴ። ባለቤቱም ቀንሷል።

አጂፕ፦ አዲስ አበባ ወስዶ ጠረጴዛ ላይ ማስወጣት ነው እንጂ እዚህ ጅማ ምን ይደረጋል?

ባቲላሜራ፦ ይህን አባባል እቃወማለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭነህ፣ የጊቤን በረሃ አቋርጠህ ለመለካት ብቻ? መጫኛው ሸራ በደንብ ካልታሰረ የጭነቱ ጉዳት ከግጭቱ ይብሳል። መጎተት ካስፈለገ ያኔ ትሂድ። መለካት ግን እዚህ ይቻላል።

ጅማ ላይ ከግጭቱ በላይ የሚያሰጋኝ ዝናቡ ነው። በሩ ሥር ያለው ላሜራ በዚህች መኪና ሦስት ድርብ ነው፤ የውጭ፣ የመሐልና የውስጥ። የሚበሰብሰው የመሐሉ ነው፤ ውጭው በስቱኮ ያምራል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ተመልከቱ፤ በቀለም ተደፍነው ከሆነ ውስጡ ውሃ ይዟል። ክረምት ላይ ስቱኮ ተለብጦ ፕራይመር ሳይቀባ ያደረ ከሆነም እርጥበቱን ይጠጣል፤ ከወራት በኋላ ቀለሙ ይነፋል። ተገጭታ በደንብ የተሠራች መኪና፣ ሳትገጭ ከበሰበሰች መቶ ጊዜ ትሻላለች።

ሂርማታ፦ በዚህ በመጨረሻው አልከራከርም ጋሼ። ዝገትም ይገድላል። ግን አንዱ ገዳይ መኖሩ ሌላውን ነጻ አያወጣም።

መንደራ፦ እንግዲያው ይለካ። ባለቤቱ ፈቅዷል። ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት መቆሚያ፣ ቱንቢ፣ ቾክና 5 ሜትር ሜትሮ ይበቃል። ከእያንዳንዱ መያዣ ብሎን ቱንቢ ይጣላል፣ ወለሉ ላይ በቾክ ይመታል፣ መኪናዋ ትወጣለች፣ ነጥቦቹ ይለካሉ። ማንም ያያል።

ሂርማታ፦ የት? ግቢው ኮብልስቶን ነው። ኮብል ላይ የተመታ ቾክ አልቀበልም።

መንደራ፦ ሰያፉን ከብሎን ወደ ብሎን በቀጥታ ብትለካው ወለል አያስፈልግም።

ሂርማታ፦ ሰያፉ ብቻውን አይበቃም ነው የምልህ። ግራው ወራጅ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ተነስቶ ከሆነ ሰያፉ እኩል ይወጣል፤ ከፍታው ግን ይለያያል። ፊት ለፊት የተመታ መኪና ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወደ ላይ ነው።

ባቲላሜራ፦ እውነት ብሏል። ለከፍታው ውሃ ልክ ነው፤ ግንበኛ የሚጠቀምበት ቀጭን ላስቲክ ቱቦ፣ አየር ሳይገባው በውሃ የተሞላ። የኋላ መያዣዎቹ ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆኑ መኪናዋ በመቆሚያው ትስተካከላለች፣ ከዚያ የፊቶቹ ይታያሉ። ለዚህም ወለሉ ኮብል ቢሆን ግድ የለም። ቱቦውን እኔ አመጣለሁ።

አዌቱ፦ ጥሩ። ሂርማታ፣ የከፍታውም የሰያፉም ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከወጣ፣ የዘንጎቹም ጥርስ እኩል ከሆነ፣ ሬሳ ያልከውን እዚሁ ታነሳለህ?

ሂርማታ፦ የግራው ወራጅ ብየዳም ይታይ። የመሪው ሳጥን ተፈቶ፣ ከሥሩ ያለው ላሜራ ተጠርጎ።

አዌቱ፦ ሳጥኑ እንዲፈታ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ጥያቄዬን ግን አልመለስክም።

ሂርማታ፦ መጀመሪያ ይፈታ።