ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ወጣቷ ንግሥት አምባዋን እንዴት ትጠብቅ?

የቦርከና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ምናባዊ ልብ ወለድ ሁለተኛ ክፍል እየጻፍኩ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የ16 ዓመቷ ልጅ አባቷ ሞቶ ትነግሣለች። አገሩ የፈጠራ ቢሆንም መልክዓ ምድሩ የወሎ ነው፤ ከታች ቆላና የጨው ነጋዴ፣ ከላይ ደጋና አምባ። አሁን ትልቅ ጦር መጥቶ አምባዋን ይከባል። ከበባው ስንት ጊዜ ቢቆይ ያሳምናል? አስማቷ ውኃ ማፍለቅ ስለሆነ ከበባውን ከንቱ እንዳያደርገው ምን ላድርግ? ደግሞ ጦሩን የሚመሩት አበጋዞቹ ስለሆኑ እሷ ቁጭ ብላ የምታይ ሆናብኛለች። የምታውቁ እርዱኝ።

ጦሳ ራስጌ

አብሽሪ እህቴ፣ ከበባ በሒሳብ ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ ወሩን ቁረጪ። በክረምት በሽሎን የመሰለ ወንዝ ሲሞላ ጦር ከነጓዙ አይሻገርም፣ መስከረምም ገና ጭቃ ነው። ስለዚህ ጠላት በጥቅምት አጋማሽ ይምጣ። ያኔ እህሉ ማሳ ላይ ነው፤ እሱ ከገበሬው አውድማ እየዘረፈ ይበላል፣ እሷ ግን ቀድማ አምባው ላይ ካስገባችው በቀር ምንም የላትም።

አምባው ላይ 600 ሰው ይኑር። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢበላ ለ90 ቀን 270 ኩንታል ይፈልጋል። አህያ 60 ኪሎ ብትጭን 450 ጭነት ነው፤ ያንን ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር ማስወጣት ለብቻው አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። የእህሉ ዓይነትም ይለያል። ጤፍ ነቀዝ አይነካውም፣ ማሽላና ስንዴ ግን ይነቅዛሉ። በጅሮንዱ (የግምጃ ቤት ሹሟ) ርካሽ ነው ብሎ ማሽላ አብዝቶ ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ጎተራው ሲከፈት ዱቄት የመሰለ ብናኝና ባዶ ቅርፊት ይገኛል። ማንም ሳይከዳ የሚመጣ ጥፋት ስለሆነ ከሴራ ይልቅ ያስደነግጣል።

ብዙ ጸሐፊ የሚረሳው ማገዶን ነው። አምባ ላይ ዛፍ ቶሎ ያልቃል፣ ከብቱ ሲታረድ ኩበቱም ይቀራል። እሳት ከሌለ ጥሬው ቢኖርም እንጀራ የለም። ለዚህ ነው በሶ የሚያስፈልጋት፤ ገብሱ አንዴ ተቆልቶ ከተፈጨ በውኃ ተለውሶ ይበላል።

ውኃው ለመጠጥ ብቻ በሰው 3 ሊትር ቢታሰብ በቀን 1,800 ሊትር ነው። እንስራው 20 ሊትር ቢይዝ 90 እንስራ መሆኑ ነው። ርዝመቱና ወርዱ 9 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ ልክ የ90 ቀን ይይዛል። ግን ፀሐይና ነፋስ በሦስት ወር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወስዱበት የሁለት ሳምንት ውኃ ጠፋ ማለት ነው። በቅሎዎቹንም ካጠጣች ከዚያም ቀድሞ ይደርቃል። ስለዚህ ጥር ሲጠባ ኩሬው ባዶ ነው፤ የበልግ ዝናብ ደግሞ ከየካቲት በፊት አይጠበቅም፣ የሚቀርበትም ዓመት አለ። ልብ የሚሰቅለው ጊዜ ያ ነው።

መድፍ ካለብሽ በአንድ ሌሊት አታድርሺው። ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ መንገድ እያስቆረጡ ወራት ፈጅቶባቸዋል። የጠላት መድፍ በየሳምንቱ አንድ ኮረብታ እየቀረበ ቢታይ ከማንኛውም ዘንዶ ይበልጣል።

ሐይቅ ማዶ

ጦሳ የጠቆመው የጥር ክፍተት የአስማቷ ቦታ ነው። ውኃ አትፍጠር፤ ታስመጣ። አምባው ላይ ያፈለቀችው እያንዳንዱ እንስራ ከታች ካለ መንደር ምንጭ ይጎድል። ለ600 ሰው በቀን 90 እንስራ ስትስብ እሷኑ ብሎ የቀረው ገበሬ ጉድጓዱ ይደርቅበታል። ያን ጊዜ «አገሬን እጠብቃለሁ» ያለችው ልጅ የትኛውን አገሯን እንደምትጠብቅ መምረጥ ግድ ይሆንባታል።

ልኩን ቀድመሽ ወስኚና ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሲሶ በፊት አሳዪ፤ ከምን ያህል ርቀት እንደምትስብ፣ በቀን ስንት እንስራ እንደሚሆንላት፣ ከዚያ በላይ ብትሞክር ሰውነቷ ላይ ምን እንደሚደርስ። ለምሳሌ ከ90 ካለፈች የራሷ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ጠጥታ የማትረካ ትሁን። መጨረሻ ምዕራፍ ላይ ድንገት አዲስ ኃይል ካገኘች ልጆቹ እንደተታለሉ ወዲያው ያውቃሉ።

ጠላትም ሞኝ አይሁን። ከታች ምንጮቹ በየማለዳው ሲጎድሉ ያየ የጦር መሪ ምክንያቱን ይደርስበታል፤ ከዚያ ምንጩ ውስጥ ጥንብ ይጥላል። በማግሥቱ አምባው ላይ የሚፈልቀው ውኃ ይሸታል። የአስማቱን ደንብ በትክክል ከሠራሽው ጠላት በዚያው ደንብ ሊያጠቃት ይችላል፤ ያን ጊዜ ታሪኩ ራሱን ይሸከማል።

የአምባሰል ንፋስ

ቁጭ ብላ እንዳታይ ሰይፍ መስጠት መፍትሔ አይደለም። አበጋዙ የማይችለውን ውሳኔ ስጪያት። ለዚህ የወሎዋን ገዢ ወርቂትን አስቢ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወርቂት ግዛት ገቡ። የወርቂት ልጅ ግን መቅደላ ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። ምኒልክን መልሰው ቢሰጡ ልጃቸውን የማስለቀቅ ተስፋ ነበራቸው። ቴዎድሮስ ልጁን አስገደሉት፤ ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኟቸው። አንድም ጥይት ሳይተኩሱ የአገሩን ዕጣ የለወጡ ሴት ናቸው። ያንቺ ንግሥትም በሯን ያንኳኳ ስደተኛ ይኑራት፤ ጠላት ደግሞ ታናሽ ወንድሟን ይያዝ።

ባላንጣም አትርሺ። እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዙ አምባውን ወርቂትም ተቀናቃኛቸው መስተዋትም ፈልገውት ነበር፤ እንግሊዞቹ ግን አቃጥለውት ሄዱ። ዘውዱ ይገባኛል የምትል አክስት ከከበባው ውጭ ሆና ለሁለቱም ወገን መልእክት ብትልክ ጥሩ ነው።

የጎተራው ቁልፍ እሷ ወገብ ላይ ይሁን፣ ድርጎውንም ራሷ ታድል። ያሳደገቻት ሞግዚት በሸንጎ «እርስዎ» እያለች ማታ ሹሩባ ስትሠራት «አንቺ» ትበላት፤ ስለ ድርጎው እውነቱን የምትነግራት በዚያ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ታሪክ መግቢያው ላይ አትድገሚው። ሲያስፈልግ ብቻ አንድ አንድ ነገር ጣል አድርጊ፤ የአባቷ አሟሟት ጎተራው ሲከፈት፣ ቃል ኪዳኗ ስደተኛው ሲመጣ።

የቦርከና ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። ወንድሟ ቢሞት ለ13 ዓመት ልጅ አይከብድም?

የአምባሰል ንፋስ

አይከብድም፣ ግን ግድያውን አታሳዪ። መልእክተኛው ድርጎ በሚታደልበት ሰዓት ይድረስ፤ ሰልፉ ላይ ገና 40 ሰው ይቅር። እሷም አድላ ትጨርስ፣ ለቅሶውን ለሚቀጥለው ምዕራፍ አቆዪው። ስደተኛውን የምትሸኝበት ውሳኔ ከለቅሶው በፊት እንዳይመጣ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ከቀደመ ልጆቹ ጨካኝ አድርገው ያዩዋታል።