ጥቆማ፦ ለጥምቀት ዲንሾ ሄዳችሁ በድንኳን ለማደር ላሰባችሁ፣ ከአዲስ አበባ ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር

ሰሞኑን ብዙ ሰው «ለጥምቀት ሁለት ሦስት ቀን ድንኳን ይዘን የት እንሂድ? ዕቃውንስ ከየት እናግኝ?» እያለ ይጠይቃል። የእኔ መልስ ዲንሾ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ትንሽዬ የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለ ዕቃው ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ድንኳኑን ተከራዩ፣ ገንዘባችሁን ለሙቀት አውጡ።

ጥር ላይ ባሌ በጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ማታ ግን ብርዱ ሌላ ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ስትነሱ ድንኳኑ ላይ ውርጭ ጋግሮ ታገኙታላችሁ። «የአዲስ አበባን ብርድ ለምደናል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ሦስት ቀን ለማይሞላላችሁ ወንጪ ይሻላል። 155 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአምቦም በወሊሶም ይገባል። በፈረስ ወደ ሐይቁ ወርዳችሁ፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም ተሻግራችሁ መመለስ ትችላላችሁ። በገበታ ለሀገር ከለማ ወዲህ ለቤተሰብ በጣም ተመችቷል፤ በዓል ላይ ግን ሰው ይበዛል፣ ጸጥታ ለሚፈልግ አይሆንም። አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ መናገሻ ሱባ ጫካ አለላችሁ። ዕቃችሁንም ሞክራችሁ የምታዩበት ጥሩ ቦታ ነው፤ የጎደለ ነገር ካለ ቤት ቅርብ ነው።

ወደ ድንኳኑ ልምጣ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚወጣ ሰው መግዛት አያዋጣም። የእግር ጉዞ የሚያዘጋጁ ቡድኖችና አስጎብኚ ድርጅቶች ያከራያሉ። የበዓል ሰሞን ሽሚያ ስላለ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ያዙ። ስትረከቡ ታዲያ በከረጢቱ እንዳለ ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ትከሉት። አንድ አከራይ ጋ ያየሁት ድንኳን ላዩ አዲስ ይመስል ነበር። ሲተከል ግን ዘንጎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ላስቲክ ረግቦ አንዱ ዘንግ ከሌላው አልገጥም አለ፣ ከችካሎቹም ግማሾቹ የሉም። ይሄ ዲንሾ ደርሳችሁ፣ መሽቶ፣ በባትሪ ብርሃን የምታውቁት ነገር መሆን የለበትም። ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ክፈቱና ዝጉት። ስፌቱ ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበትና ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱት።

ድርብ የሆነውን፣ ማለትም ከላይ ለብቻው የሚለብሰው ሽፋን ያለውን ምረጡ። ነጠላ በሆነው ውስጥ የትንፋሻችሁ እርጥበት ጣሪያው ላይ ይጠራቀምና ሌሊት ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። መርካቶ በርካሽ የሚሸጠው፣ ስትለቁት ራሱ ብድግ የሚለው ድንኳን ላንጋኖ ዳር ለቀን ጥላ ይበቃል። ለዲንሾ ሌሊት አልመክርም።

አሁን ዋናው ነገር፣ መኝታው። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ስትገዙም ስትከራዩም የተሰፋበትን ወረቀት አንብቡ። ጥሩ ዕቃ ላይ ሦስት የሙቀት ቁጥር ይጻፋል፦ ኮምፈርት፣ ሊሚትና ኤክስትሪም። ሻጩ የሚጠራላችሁ ትንሹን ቁጥር፣ ኤክስትሪሙን ነው፤ እሱ ግን በሕይወት ለመቆየት እንጂ ለመተኛት አይደለም። እናንተ ኮምፈርት የሚለውን እዩ፤ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ ተጨማሪ ልብስ ያስፈልጋችኋል። መርካቶ ሰልባጅ የሚሸጥበት ጋ ቦንዳ በሚፈታበት ቀን ከሄዳችሁ ከአዲሱ የተሻለ ዕቃ የምታገኙበት ጊዜ አለ። ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩት፤ ሙሌቱ አንድ ቦታ ተጓጉሎ ሌላው ቦታ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። ወፍራም ጃኬትም እዚያው ነው የሚገኘው። ፒያሳ እንደ ድሮው እገዛለሁ የምትሉ፣ የምታውቋቸው ሱቆች አብዛኞቹ ስለተነሱ መጀመሪያ አጣሩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከሥር የሚነጠፈውን ነው። የተኛችሁበት በኩል ያለው የስሊፒንግ ባግ ሙሌት በክብደታችሁ ይጨፈለቃል። ሙቀት የሚይዝላችሁ ሙሌቱ ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ፣ ከተጨፈለቀ በኋላ ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚያድናችሁ ፍራሹ ብቻ ነው። በአየር የሚነፋው ተራ ፍራሽ ለወገብ ቢመችም ይበርዳል፣ ውስጡ ያለው አየር ከመሬቱ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። መርካቶ በልካችሁ የሚቆረጥላችሁ ስፖንጅ ይሻላል። ቦታ ይይዛል፣ እውነት ነው፣ በመኪና ለሚሄድ ግን ችግር የለውም። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ።

ጋቢ ወይስ ብርድ ልብስ ለምትሉ፦ ሁለቱም፣ ግን ለየራሱ ሥራ። ከሽሮ ሜዳ የገዛችሁት ጥሩ ጋቢ ድንኳን ውስጥ እስከደረቀ ድረስ ወደር የለውም። ጥጥ ስለሆነ ግን ጤዛ ይጠጣል፣ ከረጠበ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ማታ ደጅ ስትቀመጡ እሱን ለብሳችሁ አታምሹ፤ ለመኝታ አስቀምጡትና ደጅ ጃኬት ልበሱ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ያለው ሰው ስሊፒንግ ባጉ ላይ ይደርበው። ደረቅ የሱፍ ካልሲም ለመኝታ ብቻ ለዩ።

ለማብሰያ ትንሿ የጋዝ ምድጃ ከላምባውም ከከሰሉም ትቀላለች። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ግን እዩ። ንጹህ ቡቴን ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፤ ጠዋት ቡና ልታፈሉ ስትሉ እሳቱ ይሞትባችኋል። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ፈልጉ። ካጣችሁ ቆርቆሮውን ማታ ልብሳችሁ ውስጥ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። በአውሮፕላን እስከ ሮቤ ለመብረር ያሰባችሁ ደግሞ የጋዝ ቆርቆሮ ስለማይፈቀድ ማብሰያውን ከዚህ አታስቡ።

እባካችሁ ይህን ደግሞ ልብ በሉ። የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ተብሎም አይገባም። ከፍሙ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በየዓመቱ በየሰፈሩ የምንሰማው ሐዘን ነው፣ ድንኳን ደግሞ ከቤት የባሰ የታፈነ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህንን አብረዋችሁ ለሚሄዱት ሁሉ ንገሩ። ከበረዳችሁ ትኩስ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት።

ምግብ ላይ አትጨናነቁ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ያዙ፤ ለሚበላ ቋንጣ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ በውድ ከምትገዙት የታሸገ ምግብ ይህ ይሻላል፤ ይቀላል፣ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ጩኮ ነው። ገብስና ቅቤ ስለሆነ ለብርድ የተሠራ ነው። አርሲና ባሌ የገብስ አገር ነውና እዚያው ብትጠይቁ ይሻላል።

ትራንስፖርት። ወደ ሮቤና ጎባ የሚሄደው አገር አቋራጭ አውቶብስ ዲንሾን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ ለረዳቱ እዚያ እንደምትወርዱ ቀድማችሁ ንገሩት። ርካሽ ነው፣ ግን ቀይ ቀበሮ ወደሚታይበት ከፍተኛ ሜዳ፣ ወደ ሰነቲ፣ መውጣት ከፈለጋችሁ ከጎባ ወዲያ የራሳችሁ መኪና ያስፈልጋል። ስድስት ሰባት ከሆናችሁ ሚኒባስ በኮንትራት ይዛችሁ ወጪውን ተካፈሉ። በአሰላና በበቆጂ አድርጋችሁ በዶዶላ ብትገቡ መንገዱ ራሱ ደስ ይላል፤ የሯጮቹን አገር አይታችሁ ታልፋላችሁ። ሙሉ ቀን ስለሚፈጅና ማታ መንዳት ስለማይመከር ጥር 10 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። መሃል ከተማ ለምንኖር የከተራ ዕለት ከረፈደ መንገድ ይዘጋጋል። ከመነሳታችሁ በፊትም ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያው አካባቢ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ዲንሾ ስትደርሱ መጀመሪያ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ መግቢያውንና የድንኳን ቦታውን ክፈሉ። አስጎብኚ ከአዲስ አበባ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። የአካባቢው ልጆች በማኅበር ተደራጅተዋል፣ ፈረስም ያገናኛሉ። የደጋ አጋዘኑ የትኛው ጥግ እንደሚውል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ብሩም እዚያው ይቀራል። ከርከሮዎቹ በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር እየጋጡ ድንኳን አጠገብ ድረስ ስለሚመጡ ምግብ ደጅ አታሳድሩ። ማገዶ ከከተማው ባሕር ዛፍ ግዙ፤ ጽዱም፣ ኮሶውም፣ አስታውም አይነካ። ይህ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው።

ቀይ ቀበሮ ማየት ለሚፈልግ ጥር 11ን ለሰነቲ ይስጥ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ አብዛኞቹም ያሉት ባሌ ውስጥ ነው። ከጎባ በጠዋት ውጡ፤ እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ የተባለው ተራራ 4,377 ሜትር ስለሆነ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ካልተሻላችሁ ውረዱ። ጥምቀቱን ማክበር ለምትፈልጉ ሮቤና ጎባ ታቦት ስለሚወጣ ሰነቲን ወደ ጥር 12 ማዞር ይቻላል። በአውቶብስ የሄዳችሁ ግን የመልስ ቲኬታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ቁረጡ፤ ከበዓል ማግስት ከሮቤ የሚነሳው ዲንሾ ሲደርስ ሞልቶ ነው የሚያልፈው።