የስድስት ቅዳሜ የፍቅር ልቦለድ ሥልጠና፦ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

የካርድ ክፍሏ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌም አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

ስታዲየም አካባቢ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት በኋላ ወረፋው ቀለል ይላል። ያኔ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አድርጌ እጽፋለሁ። አለቃዬ የቴሌግራም ሱስ ያለብኝ ይመስላታል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ የፍቅር ልቦለድ ጨረስኩ፤ 31 ምዕራፍ።

ታሪኩ ፒያሳ ነው። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ የአባቷን ሰዓት ልታሠራ ትሄዳለች። ሰዓት ሠሪው ቶሎ አይመልስላትም። መለዋወጫ ጠፋ ይላል፤ ውሸቱን ነው። ከዚያ 2016 ላይ አካባቢው ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ይሄዳል። እሱ ከተማው ዳር ይወጣል፣ እሷ መሀል ትቀራለች። መጨረሻ ላይ ይለያያሉ። ሰዓቱ ግን ይሠራል።

አምና አንድ የድርሰት ወርክሾፕ ገብቼ ነበር። የሆቴል አዳራሽ፣ አንድ ቀን፣ 1,500 ብር። ስልሳ ሰው እንሆናለን። እስከ ሻይ ሰዓት "በራሳችሁ እመኑ" ተባልን። ከሻይ በኋላም "በራሳችሁ እመኑ" ተባልን። በራሴማ ባላምን 31 ምዕራፍ በአውራ ጣቴ እጽፍ ነበር? አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ምልልስ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለ። "እንደምታወሩት ጻፉ" ተባለና ታለፈ። ማታ ሰርተፊኬት ይዤ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች።

አሁን ደግሞ ሌላ መጥቷል፤ ለፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች ብቻ። ስድስት ቅዳሜ፣ 6,000 ብር። ግማሹ ስለ አጻጻፍ፣ ግማሹ ስለ ኅትመትና ገበያ። ቀድመው በነፃ ገለጻ ሲሰጡ ሄጄ ለአሠልጣኙ ታሪኬን ባጭሩ ነገርኩት። "መጨረሻው ልክ አይደለም። የፍቅር ልቦለድ ደንብ አለው፤ መጋባት አለባቸው" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳጋባቸው አደርኩ። አንጋባም አሉኝ።

እውነት እንዲህ ያለ ደንብ አለ? ደግሞስ 6,000 ብር ለኔ የወር ደሞዜ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልክፈል?

አዟሪው

እህቴ፣ እኔ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ መጽሐፍ አዟሪ ነኝ። ሰው የሚጠይቀኝ "የሚያስለቅስ አለህ?" ብሎ ነው። "የሚጋቡበት አለህ?" ያለኝ እስከ ዛሬ የለም። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" እይው። የታተመው በ1958 ነው፤ ዛሬም ከእጄ አይጠፋም። መጨረሻው ርእሱ ላይ ተጽፎ እያየ ሰው ይገዛዋል። የኛ ሰው ፍቅር የሚገባው ሲለያዩ ነው። አታጋቢያቸው። ብሩን ለማሳተሚያ አስቀምጪው።

ቀይ እስክሪብቶ

አዟሪው፣ ግማሹ ልክ ነህ። ግማሹን ግን አልቀበልህም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው በ1900 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነው። እሱ የሚያልቀው በሠርግ ነው፤ ያውም እህትም ወንድምም ተድረው። ስለዚህ መጋባት ከፈረንጅ የመጣ አይደለም፣ መለያየትም የኛ ብቻ አይደለም።

የካርድ ክፍሏ፣ ደንቡ አለ። ግን የመደርደሪያ ደንብ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ የሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበር አለ። "ሮማንስ" ለማለት ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። የታሪኩ እምብርት ፍቅር ይሁን፤ መጨረሻው ልብ የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። ተጋቡ አላለም! እዚያ አገር አንባቢ ያን መደርደሪያ መርጦ ሲገዛ ከጸሐፊው ጋር ውል እንደገባ ነው የሚያየው። ሥራ ሲያደክመው ውሎ ማታ ደስ ብሎት ሊተኛ ፈልጓል። መጨረሻ ላይ ብታለያዪበት ይቀየምሻል። ማኅበሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ኪሳራ ገጥሞኛል ብሎ ፍርድ ቤት ገብቷል፤ ደንቡ ግን አልከሰረም።

ያንቺ መጽሐፍ ያን መደርደሪያ ካልፈለገ አይግባ። ባይሆን ራስሽ የጻፍሽውን ልብ በዪ፤ "ሰዓቱ ግን ይሠራል" ብለሻል። አሠልጣኙ እሱን ቢሰማ ኖሮ ሙሽራ ባልፈለገ ነበር።

ወደ ብሩ ስንመጣ፣ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አርታዒ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጽሑፍሽን የማያነብ ሥልጠና የመዋኛ ትምህርትን በወንበር እንደ መማር ነው። ደውዪና ስንት ሰው እንደምትሆኑ ጠይቂ። ገጽሽን ማን እንደሚያነብ ጠይቂ፣ አስተያየቱ በጽሑፍ ይሰጥ እንደሆነም። እንግሊዞች የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር አላቸው። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልታተሙ ጸሐፊዎችን ረቂቅ ተቀብሎ በልምድ ሰዎች እያስነበበ፣ አስተያየት አስጽፎ ይመልሳል። ከፈረንጅ መቅዳት ካማረን እሱን እንቅዳ።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ "አንቺ" ያላት ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው?

የካርድ ክፍሏ

ከመጀመሪያው ገጽ። "ሰዓትሽ ነገ ይደርሳል" ይላታል። ምነው?

ቀይ እስክሪብቶ

ምነው ትይኛለሽ! ስንት ምዕራፍ ፍቅር አባከንሽ እኮ።

እስኪ አስቢው። ፒያሳ ያለ ጎልማሳ ሰዓት ሠሪ ከቢሮ የመጣች የማያውቃትን ሴት ገና ስትገባ "አንቺ" ይላል? "እርስዎ" ነው የሚላት። "ይቀመጡ፣ ነገ ይምጡ፣ ይቅርታ መለዋወጫው አልተገኘም።" እሷም "እርስዎ" ትለዋለች። እንግሊዝኛ ላይ ለሁሉም አንድ "ዩ" ነው ያላቸው። ስለዚህ ጸሐፊዎቻቸው የሁለቱን መቀራረብ ለማሳየት ጣት ለጣት ሲነካካ፣ ዓይን ለዓይን ሲጋጭ ገጽ ይፈጃሉ። እኛ አንዲት የግሥ ጭራ ትበቃናለች። ሰውየው "ይግቡ፣ ይግቡ" ሲል ይከርምና አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ ከደጅ ቆማ ያያታል። "ነይ ግቢ!" ብሎ ይጮኻል። አለቀ። ሁለቱም ሰምተዋል፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ይሆናሉ። እሷ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ያቺን "ነይ" ስንት ጊዜ እንደምታገላብጣት አንቺው ታውቂያለሽ።

"እንደምታወሩት ጻፉ" ያላችሁ ሰው ማለት የነበረበት ይሄንን ነው። ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራል፣ መቼ ይለወጣል፣ ማን ቀድሞ ይለውጠዋል። የምልልስ ትምህርት ግማሹ እዚያ ነው።

አልጋ ሥር

ስለ ገበያው ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። የስሜን ምክንያት አሁን ትረዱታላችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ልቦለድ በራሴ ወጪ 2,000 ኮፒ አሳተምኩ። ማተሚያ ቤቱ "ቁጥሩ ሲበዛ ያንዱ ዋጋ ይወርዳል" አለኝ። እውነቱን ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ያልተሸጠውም እንደሚበዛ ግን አልነገረኝም። ወመዘክር አዳራሽ አስመረቅሁ። ሰው ሞላ፤ ግማሹ ዘመድ፣ ግማሹ የመሥሪያ ቤት ሰው። ያን ቀን ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሱቆቹ ቅናሻቸውን ቆርጠው፣ ሲሸጥ ሊከፍሉኝ ተረከቡ። ያችን ገንዘብ ለመሰብሰብ ከለገሃር አራት ኪሎ ስመላለስ የጫማዬ ሶል አለቀ። በሦስተኛው ወር ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ወጣ። 700 ኮፒ አሁንም አልጋ ሥር አለ። ባለቤቴ ወለል ስትወለውል ገጸ ባሕርያቴን በስም እየጠራች ትረግማቸዋለች።

ስለዚህ እቴ፣ መጀመሪያ ትንሽ አሳትሚ። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ራስሽ ወመዘክር ሄደሽ አውጪ። አሳታሚ ከተገኘ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የመጽሐፉ፣ የትረካውና የፊልሙ መብት ለየብቻ ይጻፍ። "ሁሉንም መብት" የሚል ቃል ካየሽ እስክሪብቶሽን ክደኚ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው። ሥራሽ ወረቀት ላይ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ለመጠበቅ ማስመዝገብ ግዴታ የለብሽም። ጥበቃው በሕይወት ዘመንሽና ካለፍሽ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ስለዚህ ፊርማሽ የልጅ ልጆችሽን ጭምር ይነካል።

ያ ሥልጠና ይሄን የሚያስተምር ከሆነ ግማሽ ዋጋውን አውጥቷል። እኔ ለትምህርቱ ከ6,000 በጣም በላይ ነው የከፈልኩት።

አዟሪው

አልጋ ሥር፣ ሱቆቹ ላይ ብቻ አትፍረድ። እኛም ዝናብ የበላው መጽሐፍ ኪሳራ ነው። ግን 20 ኮፒ አምጣልኝና ልሞክርልህ። ያስለቅሳል?

አልጋ ሥር

እኔን አስለቅሶኛል።

የስድስት ኪሎዋ

ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው እንዳይመስላት ብዬ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ዐሥር ሰው ሆነን ተምሬያለሁ። በየሳምንቱ የሁለት ሰው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ይታደላል፤ ጸሐፊው አፉን ይዘጋል፣ ሌላው ይናገራል። ማስረዳት ክልክል ነው። የመጀመሪያ ምዕራፌን በሙሉ ቆርጬ የጣልኩት እዚያ ነው። ጀግናዬ ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ መስታወት ስታይ፣ ቁርስ ስትበላ ነበር፤ ምን አጠፋች ቁርስ ብትበላ፣ ግን ታሪኩ ገና ከቤት አልወጣም።

አሁን ሦስት ሆነን በዚያው ዘዴ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ እንገናኛለን፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። ውስጥ ማውራት ስለማይቻል ደጁ ላይ እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ሰው አሥር ገጽ። ክፍያው ተራ በተራ ማኪያቶ መጋበዝ ነው። አራተኛ እንፈልጋለን።

የካርድ ክፍሏ

ይቅርታ ጠፋሁ፤ የሰሞኑ ወረፋ አይጣል ነው።

ደወልኩ። "ገጻችንን ታነባላችሁ?" አልኳት። ልጅቷ ያዝ አድርጊ ብላ ጠይቃ መጣች። "ሰርተፊኬት አለው፣ ምሳም ይጨምራል" አለችኝ። ሰርተፊኬት ሳሎን አለኝ። ምሳዬንም ከቤት ቋጥሬ ነው የምመጣው። የስድስት ኪሎዋ፣ ቅዳሜ መጣሁ፤ ማኪያቶው በኔ።

ቀይ እስክሪብቶ፣ ጋሼ ልበልዎት ወይስ እትዬ አላወቅሁም፤ ሥራ አበዙብኝ። ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ ሁሉንም ወደ "እርስዎ" መለስኩ። ጉድ ነው የፈላው። ቀልዱ ተበላሸ፣ ኩርፊያው ግን አማረበት። "ነይ"ን ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ አደረግኋት፤ ዝናቡን ግን ትቼ መብራት ጠፍቶ ደረጃው ላይ ስትደናቀፍ ነው ያስጮህኩት።

እንዲህ እያስተካከልኩ ትናንት መጨረሻው ጋ ደረስኩ። ሱቁ ሊፈርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ሰዓቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰጣታል። ድሮ እዚያ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ንግግር ነበረው፤ ስለ ዕድል፣ ስለ ከተማው፣ ስለ ጊዜ። ሁሉንም አጠፋሁት። አሁን የሚለው "ሰዓትዎ ደርሷል" ብቻ ነው።

እሷም "አመሰግንዎታለሁ" ትለዋለች።

ጽፌ ስጨርስ እንባዬ መጣ። ካርድ ልታወጣ የመጣች እናት በመስኮቱ አየችኝና "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺንም የመንጋጋው ነው?" አለችኝ።