ድርጅቱ ከሰረ፤ ባለቤቱስ በሰላም ቤቱ ይግባ?

ባለ ጨርቁ (መርካቶ)፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን የደረሰብኝን ባጭሩ ልንገራችሁና ተከራከሩበት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋ አንድ ትንሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነበር። አባላቱ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አራት ዓመት ጨርቅ ሰጥቻቸዋለሁ። መጀመሪያ በካሽ፣ ከዚያ ግማሹን በዱቤ፣ በመጨረሻ ሁሉንም በዱቤ። አሁን በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የእኔ ገንዘብ 640 ሺ ብር ነው። ለሥራ አስኪያጁ ስደውልለት «ጋሼ፣ ዕዳው የማህበሩ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አለኝ። ልጁ ቤት አለው። ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ መኪናውን ሲነዳ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ትንሽ ድርጅት ዕዳ ይዞ ሲዘጋ ባለቤቱ በግል ንብረቱ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ? እኔ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

የዘጋሁት፦
አይጠየቅ። ስሙ ራሱ እኮ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» ይላል። ደረሰኙ ላይ፣ ማህተሙ ላይ፣ በሩ ላይ ተጽፏል። ጋሼ አራት ዓመት ሙሉ እያነበቡት ነው ጨርቅ የሸጡት።

እኔም ማተሚያ ቤቴን ዘግቻለሁ። ከስሬ ነው፣ ሰርቄ አይደለም። ሥራ የከሰረበት ሰው ሁሉ ቤቱን የሚነጠቅ ከሆነ ማን ደፍሮ ሥራ ይጀምራል?

ባለ ጨርቁ፦
አንብቤዋለሁ ልጄ። ግን ጨርቁን በዱቤ የሰጠሁት ለማህተሙ አይደለም፣ ለሰውየው ነው። ማህተም አብሮኝ ቡና ጠጥቶ አያውቅም።

ከአያት፦
😂😂 ማህተም ቡና አይጠጣም!

ጠበቃው፦
በሕጉ በኩል መልሱ አያሻማም። አባላቱ የሚጠየቁት ባዋጡት ልክ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግም፣ በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243ም በዚህ አይለያዩም። ነገሩ የሚለወጠው አባሉ የማህበሩን ገንዘብ ከግል ኪሱ ጋር ካደባለቀ፣ ወይም አበዳሪን ሆን ብሎ ካታለለ ነው። ያኔ ከለላው ሊነሳበት ይችላል። የማስረዳት ሸክሙ ግን የእርስዎ ነው ጋሼ። መኪና ሲነዳ አየሁት ማለት ማስረጃ አይሆንም።

የግል አስተያየቴን ከጠየቃችሁኝ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በድሮው ሕግ የእንዲህ ዓይነት ማህበር ዝቅተኛ ካፒታል 15 ሺ ብር ነበር። በ1952 ይሄ ገንዘብ ቁም ነገር ነበር፣ አበዳሪ የሚደገፍበት። ዛሬ የወርክሾፕ የአንድ ወር ኪራይ አይሸፍንም። ስለዚህ «ባዋጡት ልክ» ሲባል ልኩ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

የዘጋሁት፦
ታዲያ ካፒታሉ ከፍ ይበል በሉ። ቤት ይሸጥ አትበሉ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ይቅርታ፣ ሁላችሁም የምትከራከሩት ወረቀት ላይ ስላለው ነው። እኔ የአሥራ ምናምን ትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ ይዣለሁ፣ ሦስቱ ሲዘጉ አብሬ ነበርኩ። በተግባር «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚባለው ነገር ጉልበት ላለው አበዳሪ አይሠራም። ጋሼ፣ ልጠይቅዎት። ወንድማማቾቹ የባንክ ብድር ነበራቸው?

ባለ ጨርቁ፦
1.2 ሚሊዮን ይላሉ። ያባታቸው ቤት ካርታ ተይዟል።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ይኸው። ባንኩ ካርታ ይዟል። ይሄ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም ወንድማማቾች በግል ዋስትና አስፈርሟቸዋል ብል አልሳሳትም። «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ አለች፣ ማንም ሳያነብ የሚፈርምባት። ማህበሩ ባይከፍል ባንኩ ቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል። ካርታውንም በአዋጅ 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ራሱ በሐራጅ ይሸጠዋል። ለባንኩ «ዕዳው የማህበሩ ነው» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አከራዩስ? የስድስት ወር በቅድሚያ ተቀብሏል። ክርና ቁልፍ የሚያቀርበውስ?

ባለ ጨርቁ፦
እሱ ቼክ ይዞ ነበር። ቀኑ ወደፊት የተጻፈ። ለእሱ ተሯሩጠው ከፍለውታል።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ይከፍላሉ እንጂ! ደረቅ ቼክ፣ ማለትም በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ፣ በወንጀል ያስጠይቃል። አንቀጽ 693 ነው መሰለኝ፣ ጠበቃው ያርመኝ። ቼኩን የፈረመው ሰው ነው እንጂ ማህተሙ አይታሰርም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ብር ወደ ቼክ ያዡ ትሄዳለች። እርስዎ ቼክ አልያዙም፣ ካርታ አልያዙም፣ ዋስ አልጠሩም። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ቃል የሚሠራው በእርስዎ ላይ ብቻ ነው። በእርስዎና በሠራተኞቹ ላይ።

ጠበቃው፦
693 ልክ ነሽ። ከመክሰር በፊት አንዱን አበዳሪ መርጦ መክፈልም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ጥያቄ ያስነሳል። ፍርድ ቤት የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው።

ባለ ጨርቁ፦
ቼክ መጠየቅ አሳፍሮኝ ነው። አባታቸውን አውቀዋለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፈረኝ ነገር 640 ሺ ብር አስከፈለኝ።

ከሜሪላንድ፦
እዚህም ብዙ አይለይም ወገኖቼ። ትንሽ ምግብ ቤት በኤልኤልሲ (የእዚህ አገር ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከፍቼ ነበር። የሕንፃው አከራይ በግሌ ካልፈረምክ አላከራይም አለኝ፣ ፈረምኩ። ሥራው ሲዘጋ የቀረው የኪራይ ዘመን ተከትሎኝ ቤቴ መጣ። በመጨረሻ ቻፕተር ሰቨን የሚባለው የኪሳራ መዝገብ ውስጥ ገባሁ። ክሬዲቴ ተበላሸ፣ ግን አለቀ። የሚያስቀናችሁ ነገር ካለ እሱ ነው፦ ያልቃል። ከሠራተኛ ደመወዝ ቀንሰህ ለአይአርኤስ (የእዚህ ገቢዎች) ያላስገባኸው ታክስ ግን በኪሳራም አይለቅህም። እሱን በግልህ ይጠይቁሃል።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ሜሪላንድ ተባረክ፣ እኔም ወደዚሁ ነጥብ ልመጣ ነበር። የእኔ አቋም ይሄ ነው። ዕዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዱቤ የሰጠ ነጋዴ አደጋውን አውቆ ነው የገባው፣ ትርፉም ላይ ጨምሮበታል (ጋሼ አይቀየሙኝ)። ከሠራተኛው ደመወዝ የተቀነሰው የሥራ ግብርስ? ከሠራተኛው የተቆረጠው 7 በመቶ ጡረታስ? ከደንበኛው የተሰበሰበው 15 በመቶ ቫትስ? ይሄ መጀመሪያውኑ የማህበሩ ገንዘብ አይደለም። አደራ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ገንዘብ ጨርቅ ገዝቶ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ በኋላ «ከሰርኩ» ካለ፣ እዚህ ላይ ቤቱም ይሽጥ መኪናውም ይሽጥ ባይ ነኝ።

የዘጋሁት፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ገቢዎች ስለ ዋናው ግብር ብቻ ቢያወራ ጥሩ ነበር። የእኔ ማተሚያ ቤት ዋናው ዕዳ ትንሽ ነበር። በሩን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዩ ሰጥቼ ሄድኩ፣ ያለቀ መስሎኝ። ማህበሩን ሳላፈርስ። ሽያጭ ባይኖርም ማሳወቅ ነበረብኝ፣ አላሳወቅኩም። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑን አላዘጋሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ «ክሊራንስ አምጣ» ተባልኩ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያሳይ ወረቀት። ቅጣትና ወለዱ ከዋናው በልጦ ጠበቀኝ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
አዋጅ 983/2008 ላይ እኮ አለ። ሳይከፈል ለቆየ ታክስ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት። ወለዱ ለብቻው ነው። በሩ ተዘጋ ብሎ የሚቆም ነገር የለም። ማህበሩ የሚሞተው ከመዝገብ ሲሰረዝ ነው። አባላቱ በቃለ ጉባኤ እንዲፈርስ ይወስናሉ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳሉ፣ ንብረትና ዕዳውን የሚያወራርድ አጣሪ ይሾማል፣ አበዳሪዎች ይጠራሉ፣ ገቢዎች ኦዲት ያደርጋል፣ ከዚያ ክሊራንስ። ንብረቱ ዕዳውን የማይችል ከሆነ ደግሞ መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ነው።

የዘጋሁት፦
ለአጣሪ የሚከፈል ቢኖረኝ ለምን እዘጋለሁ? ችግሩ እኮ እዚህ ነው። አካሄዱ ለትልቅ ኩባንያ የተሰፋ ኮት ነው። ለእኔ ዓይነቱ እጀታው መሬት ይጠርጋል። ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ ቆልፎ ይጠፋል። «ባለቤቱ ጠፋ» ትላላችሁ። መዝጊያው በር ስለጠበበ ነው።

ጠበቃው፦
የ2013ቱ ሕግ መልሶ ማደራጀትን አምጥቷል እኮ። አንድ ድርጅት ሳይሞት በፊት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ እንዲያገግም። ድሮ ከኪሳራ በቀር ያን ያህል አማራጭ አልነበረም።

የዘጋሁት፦
ሕጉን ሳይሆን ሰውን ንገረኝ። መልሶ የተደራጀ ማተሚያ ቤት ታውቃለህ? ስፌት ቤት?

ጠበቃው፦
በዚህ መጠን ካለው፣ በእኔ እጅ የገባ የለም። እሱን አልክድም።

ባለ ጨርቁ፦
ድሮ ቢሆን ከልጁ ጋር ቁራኛ እንታሰር ነበር። ባለዕዳና አበዳሪ ባንድ ሰንሰለት። እኔ ሱቅ ስገባ እሱም ይገባል፣ እሱ ቡና ሲጠጣ እኔም እጠጣለሁ።

ከአያት፦
ጋሼ ያኔ እኮ ሁለታችሁም ሥራ ፈት ትሆናላችሁ። ዕዳው በምን ይከፈል?

ባለ ጨርቁ፦
እሱስ ልክ ነህ። ያስቀየመኝ መክሰሩ አይደለም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ከስምንት ወር በፊት ጠርቶ «ጋሼ ነገሩ ከብዶኛል» ቢለኝ ጨርቁን አቆምለት ነበር። ያኔ እሱ ላይ የነበረኝ 200 ሺ ገደማ ነው። እየሰመጠ መሆኑን እያወቀ ነው ሌላ 440 ሺ የጫነብኝ። ቤቱ ይሸጥ የምለው ለዚህችኛዋ ነው። ለመጀመሪያዋ 200 ሺማ እኔም ነጋዴ ነኝ፣ እውጣታለሁ።

ጠበቃው፦
ይሄ አሁን ሌላ ክርክር ነው ጋሼ፣ ጠንካራ ክርክር። መክፈል እንደማይችል እያወቀ ከተበደረ በግል የሚጠየቅበት በር ይከፈታል። የትዕዛዝ ወረቀቶቹንና የቴሌግራም መልእክቶቹን አያጥፉ።

ሰፊዋ፦
ሰላም። እስካሁን ዝም ያልኩት የምታወሩት ስለ እኛ ቤት መሆኑን ስላላመንኩ ነበር። ዩኒፎርም፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ መርካቶ... እዚያ ነው ሦስት ዓመት የሰፋሁት። ዘጠኝ ነበርን። ደመወዜ 6 ሺ ነበር። የሁለት ወር አልተከፈለኝም። ስለ ባንክና ስለ ጨርቅ ተከራከራችሁ፣ የእኛ ወረፋ የት ጋ ነው?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
የኔ እናት፣ በወረቀት ላይ ከፊት ነሽ። አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ቅድሚያ አለው ይላል። ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የስንብት ክፍያም አለሽ። ልቁጠርልሽ። የቀን ደመወዝሽ 200 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ 6 ሺ። ለቀሩት ሁለት ዓመታት የዚያን ሲሶ ሲሶ፣ 4 ሺ። በመዘጋቱ ምክንያት ተጨማሪ የ60 ቀን፣ 12 ሺ። ድምሩ 22 ሺ። ያልተከፈለሽ የሁለት ወር 12 ሺ ሲጨመር 34 ሺ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በገንዘብ ይታሰባል።

ከአያት፦
ባንክ በመያዣዬ ማንም አይቀድመኝም ይላል፣ ገቢዎች ቅድሚያ አለኝ ይላል፣ ሠራተኛ ቅድሚያ አለው ተባለ። ሁሉም አንደኛ ነው። ወረፋው ላይ የቀሩት ጋሼ ብቻ ናቸው 😅

ሰፊዋ፦
34 ሺ! ማሽኖቹ እኮ አሁንም ውስጥ ናቸው። ማታ ማታ እየወጡ ነው የሚሉ አሉ።

ጠበቃው፦
እሱ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ። ዘጠኛችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ንብረቱ እንዲታገድ ፍርድ ቤት አመልክቱ። ጋሼም ለብቻዎ ይጨምሩበት። ባለቤቱ ይጠየቅ አይጠየቅ እያልን ማሽኖቹ ካለቁ ክርክሩ ባዶ ቤት ላይ ነው።

የዘጋሁት፦
እኔም እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ማታ ማሽን የሚያወጣ ሰው ከሰረ አይባልም።

ባለ ጨርቁ፦
ልጄ፣ ማሽኖቹ ስንት ናቸው?

ሰፊዋ፦
አሥራ አንድ። ሁለቱ ኦቨርሎክ ናቸው። ቁጥራቸውን ጽፌ ይዣለሁ፣ እኔ ነበርኩ የምቆጣጠረው።

ባለ ጨርቁ፦
ነገ በጠዋት ሱቅ ነይ። ወረቀቱን ይዘሽ። ከጠበቃው ጋር አብረን እንሄዳለን።

ሰፊዋ፦
እሺ ጋሼ። አንዲት ነገር ግን። ሌላ ስፌት ቤት ሥራ አግኝቻለሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጪ ብለውኛል። ማህበሩ ከተዘጋ ማን ይፈርምልኛል?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
እስኪሰረዝ ድረስ ሥራ አስኪያጁ፣ አጣሪ ከተሾመ አጣሪው። ዛሬውኑ ደውይለት። ስለ ገንዘቡ ምንም አታንሺ፣ ስለ ደብዳቤው ብቻ።