ከቢሊዮን 3 ጊዜ ብቻ የሚሆነውን ነገር እንዴት ነው «አየነው» የሚሉት?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቢኤስ የሚባለው ሜሶን (ዕድሜው በጣም አጭር የሆነ ቅንጣት) ወደ ሁለት ሚዩኦን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) የሚፈርሰው ከቢሊዮን 3 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው ይላሉ። እሺ ይሁን። ግን ሰርን የሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ያለው ፕሮቶን የሚያጋጭ ማሽን ውስጥ ሚዩኦን እንደ ጉድ ነው የሚፈጠረው፤ ሁለቱ ከአንድ ሜሶን እንደወጡ በምን ይታወቃል? ሁለት ሰው ከቃሊቲ ታክሲ ላይ ጎን ለጎን ስለተቀመጠ ከአንድ ቤት ነው የወጣው አይባልም እኮ!

የሰበታው መምህር፦
ልጄ፣ ዋናው ሥራ እሱን መለየት ነው። አንድ ጥንድ ብቻ አይተሽ ምንም ማለት አትችዪም። መጀመሪያ መነሻቸው ይታያል። ቢኤስ የሚኖረው 1.5 ፒኮ ሰከንድ ገደማ ነው (አንድ ፒኮ ሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው)፤ ግን ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ ስለሚበር ኤልኤችሲቢ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ሳይፈርስ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የሁለቱን ዱካ ወደ ኋላ ስትስቢው የሚገናኘው ፕሮቶኖቹ የተጋጩበት ነጥብ ላይ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ይቺ ክፍተት ብቻዋን ብዙ ግርግር ታስወግዳለች። ቀጥሎ ከኃይላቸውና ከሞመንተማቸው የእናትየው መጠነ ቁስ ይሰላል። እውነተኞቹ 5,367 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት መጠነ ቁስ የሚለካበት አሃድ) አካባቢ ይከማቻሉ፣ በአጋጣሚ የተጣመሩት ግን የትም ይበተናሉ። «አየነው» የሚሉት ግራፉ ላይ የወጣችውን ጉብታ ነው።

ለገጣፎ ነኝ፦
መምህር ካሉት ላይ ልጨምር። ሚዩኦን የተመረጠው ብረት ግድግዳ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ነው፣ ሌላው ብዙው እዚያው ይቀራል። ችግሩ አንዳንድ ፓዮንና ካዮን የሚባሉ ሌሎች ቅንጣቶች ሚዩኦን መስለው ሾልከው ይገባሉ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያደክመው እነሱን መቁጠር ይመስለኛል። ኤልኤችሲቢ የመጀመሪያውን ፍንጭ ያሳወቀው በ2012 ነው (ሁሉም ቀን በፈረንጅ)፤ ሲኤምኤስ ከሚባለው ሌላው የሰርን መሣሪያ ቡድን ጋር ዳታቸውን አጣምረው 5 ሲግማን (ግኝት ለማለት የሚጠየቀውን የእርግጠኝነት ልክ) ያለፈ ውጤት ያሳተሙት ደግሞ በ2015። ቁጥሩ ስታንዳርድ ሞዴል ከሚባለው የቅንጣቶች ዋና ንድፈ ሐሳብ ጋር ገጠመ፣ ሱፐርሲሜትሪ (ተጨማሪ አዳዲስ ቅንጣቶች አሉ የሚለውን ሐሳብ) ሲጠብቁ የነበሩት ኩም አሉ 😄 የቢኤስ ዘመድ የሆነው ቢ ዜሮ የሚባለው ሜሶን ወደ ሁለት ሚዩኦን የሚፈርሰው ከ10 ቢሊዮን 1 ጊዜ ገደማ ስለሆነ ገና አልተያዘም።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እኔስ እቤቴ ሆኜ የምሞክረው ነገር አለ?

የሰበታው መምህር፦
አለ እንጂ! እንጦጦ ያሉትን ቴሌስኮፖች ለማየት ተራራ መውጣት አለብሽ፣ ለዚህ ግን ላፕቶፕ ይበቃሻል። ሰርን ዳታውን በነፃ ይለቃል። ከሲኤምኤስ 100,000 የሚዩኦን ጥንድ ያለበትን ትንሽ ፋይል አውርጂና በኤክሴል ክፈቺው። የሁለቱን ኃይል ደምረሽ ስኩዌር አድርጊ፣ ከእሱ ላይ የሞመንተማቸውን ድምር (አቅጣጫውን ጨምረሽ የደመርሽውን) ስኩዌር ቀንሺና ሥሩን አውጪ፤ ውጤቶቹን በግራፍ አስቀምጫቸው። 3.1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ጊጋ 1,000 ሜጋ ነው) ላይ ጄ ፕሳይ የምትባለው ቅንጣት ጉብታ ቀጥ ብላ ትወጣልሻለች፣ 91 ላይ ደግሞ ዜድ የሚባለው ቅንጣት። ቢኤስን እዚያ አትፈልጊ፤ 100,000 ጥንድ ለእሱ ምንም አይደለም።

ለገጣፎ ነኝ፦
ግራፉን ስትሠሪ መደቦቹን (ቁጥሮቹ የሚመደቡባቸውን ክፍሎች) አጥብቢያቸው፣ ካለበለዚያ ጄ ፕሳይ ትዋጣለች።